ነበልባሉ ለውሃው፣ ከሰሉ ለሌላ ሥራ፦ ስለ ባዮቻር ምድጃ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቴ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ጥያቄዎን በአጭሩ ልድገመው። የሚኖሩት ከሱሉልታ ከተማ ወጣ ብሎ፣ የመብራት መስመር ገና ባልደረሰበት ሰፈር ነው፤ ቤተሰብዎ አምስት ነው፤ ውሃ የሚቀዱት በግቢዎ ከተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ሲሆን የሚያበስሉት ደግሞ ዋጋው በየጊዜው በሚጨምር ከሰል ነው። ባለቤትዎ ከጣሳ የሚሠራ፣ ጭራሮ እያነደደ ከሰል የሚያስቀር፣ ባዮቻር ምድጃ የሚባለውን በስልካቸው አይተው «ምድጃውን እኛው እንሥራው፤ የሚተርፈውን ከሰል ለውሃ ማጣሪያ እናድርገው፤ ያን ጊዜ ውሃ ማፍላት ይቀርልናል» ብለዋል። እርስዎ የጠየቁት ምድጃው በእርግጥ ይሠራል ወይ፣ በከሰሉ ብቻ የተጣራ ውሃስ ለልጆች ሊሰጥ ይችላል ወይ ብለው ነው።

ምድጃው ይሠራል፤ ባለቤትዎም በግማሽ ቀን ሊሠሩት ይችላሉ። በከሰል ብቻ የተጣራ ውሃ ግን ለልጆችዎ አይስጡ። ምድጃው ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ ነበልባል ነው፣ ሌላው ከሰል። ተቅማጥና ታይፎይድ የሚያመጡትን ተሕዋስያን የሚገድለው ነበልባሉ ነው፤ ከሰሉ የውሃውን ሽታ፣ ቀለምና አንዳንድ ኬሚካል ይቀንሳል እንጂ ጀርም አይገድልም። ይህን የሥራ ክፍፍል ከተቀበልን ሌላው ሁሉ የልኬትና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ካወቁ ቀዳዳዎቹን ለምን እንደምንለካ ይገባዎታልና ከዚያ ልጀምር። እንጨት ሲነድ የሚንበለበለው እንጨቱ ሲግል ከውስጡ የሚወጣው ጋዝ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ጋዝ ከፊሉ ሳይነድ ስለሚያመልጥ ዓይን የሚያቃጥል፣ ጣሪያ የሚያጠቁር ጢስ ይሆናል። እኛ በምንሠራው ምድጃ እንጨቱ በጣሳ ውስጥ ተሞልቶ ከላይ ይለኮሳል፤ እሳቱም ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በጣሳው ሥር ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች የሚገባው ጥቂት አየር እንጨቱን አግሎ ጋዙን ለማስለቀቅ ያህል ብቻ ነው። ይህ አየር የያዘው ኦክስጅን በእሳቱ ግንባር፣ ማለትም ወደ ታች በሚወርደው የእሳት ንብርብር ላይ ስለሚያልቅ ከግንባሩ በላይ ያለው ከሰል ሳይቃጠል ይቆያል። ጋዙ በከሰሉ መካከል አልፎ ወደ ጣሳው አፍ ሲደርስ በላይኞቹ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ከሚገባው ትኩስ አየር ጋር ተገናኝቶ ይነድዳል። የታችኛውን አንደኛ አየር፣ የላይኛውን ሁለተኛ አየር እንለዋለን። ዘዴውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ቶማስ ሪድና ኖርዌያዊው ፖል ቬንደልቦ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ብዙ ዓይነት ቅርጽ ቢወጣለትም መሠረቱ አልተለወጠም።

ወደ ሥራው እንግባ። ምድጃው አንዱ በሌላው ውስጥ የሚቀመጥ ሁለት ዕቃ አለው። የውስጠኛው ዕቃ ስፋቱ 15፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ይሁን። የቀለም ቆርቆሮ አይጠቀሙ፤ ተጣብቆ የቀረው ቀለም ሲግል መርዛማ ጢስ ያወጣል። የጣሪያ ቆርቆሮም ለውስጠኛው ክፍል አይሆንም፤ የተለበጠበት ዚንክ በኃይለኛ ሙቀት ተንኖ ሲተነፍሱት ያሳምማል። የጣሳውን ሥር በወፍራም ምስማር ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ከ20 እስከ 24 በሚሆኑ ቀዳዳዎች ይብሱት፤ በማዕከሉ ብቻ እንዳይከማቹ እኩል ይበተኑ። ከዚያ ከጣሳው ከንፈር ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ዙሪያውን 24 ያህል አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎች ያውጡ። ብትደምሯቸው የላይኞቹ ስፋት የታችኞቹን ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ምድጃው አይበላሽም፤ የታችኛው አየር ከላይኛው በልጦ ከተገኘ ግን ምድጃው ተራ የእንጨት ማንደጃ ይሆናል፤ ከሰልም አይተርፍም።

የውጪው ዕቃ ስፋቱ ከ20 እስከ 22፣ ቁመቱ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ሲሊንደር ነው። ልኩ የሆነ ጣሳ ካጡ በአካባቢዎ ብየዳ ቤት ላሜራ አስጠቅልለው ማሠራት ይችላሉ፤ መርካቶ ምን ዓለሽ ተራ የሚወርድ ሰው ካለም ልኩን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ እዚያ ያሉት ባለ እጆች ከአሮጌ በርሜል ሳይቀር አሳምረው ያወጡታል። የውጪው ዕቃ ከሥሩ አጠገብ ዙሪያውን ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሰፉ 12 ቀዳዳዎች ይኑሩት። የውስጡ ጣሳ በሦስት ብሎኖች ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። በዚህ ጊዜ ከውጪ የሚገባው አየር ከፊሉ በጣሳው ሥር፣ ከፊሉ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያልፋል፤ በመካከል የሚወጣው አየር የጋለውን ጣሳ እየታከከ ስለሚሞቅ ጋዙን ሳያበርድ ያነድደዋል።

በሁለቱ ዕቃዎች አፍ ላይ መካከሉ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል የተበሳ ክብ የላሜራ ክዳን ይጋደማል። ክዳኑ በዕቃዎቹ መካከል የሚወጣው አየር በቀጥታ እንዳያመልጥ ይዘጋዋል፤ ነበልባሉንም ወደ መካከል ሰብስቦ ከአየሩ ጋር ያዋሕደዋል። በክዳኑ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አጭር ቱቦ ይቁም፤ ሁለት ወገኑ የተቆረጠ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይበቃል፤ እኔ አንገት እለዋለሁ። ድስቱ ከአንገቱ አፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ድስት ማስቀመጫውን በጣሳዎቹ ላይ ባታሳርፉት ይሻላል። ግራና ቀኝ ብሎኬት ደርድረው በላያቸው ሁለት የብረት ዘንግ ቢያጋድሙ የድስቱ ክብደት በምድጃው ላይ አይወድቅም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ከጣሳ የሚሠራ ምድጃ ቀላልና ረዥም በመሆኑ በልጅ ክርን ብቻ ሊገለበጥ ስለሚችል ነው፤ የፈላ ውሃ ያለበት ድስት በላዩ ሆኖ ሲገለበጥ ምን እንደሚያደርስ መንገር አያስፈልገኝም።

ስለ አንገቱ ቁመት ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ምድጃዬን የሠራሁት ቆላ ላይ በተሞከረ ንድፍ ነበር። ንድፉ አንገት አልነበረውም፤ በዚያ ሙቀትና በዚያ ከፍታ አላስፈለገውም። ከእንጦጦ ጀርባ በብርዳማ ጠዋት ስለኩሰው ነበልባሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ከዚያ ወፍራም ነጭ ጢስ ግቢውን ሞላው። እኔም አየር አጠረው ብዬ የታችኞቹን ቀዳዳዎች በምስማር አሰፋኋቸው። እሳቱ ወዲያው ተነሣ፤ ነገር ግን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጣሳው ቀልቶ ሥሩ ተበሳ፤ ሲበርድ ከፍቼ ሳየው ውስጡ አመድ እንጂ አንዲት ፍሬ ከሰል አልነበረም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2600 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በአንድ ቀዳዳ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሙቅ አየር ወደ ላይ የሚስብበት ኃይልም ይደክማል። መድኃኒቱ ስበቱን በአንገት መጨመር፣ ካስፈለገም የላይኞቹን ቀዳዳዎች ጥቂት ማስፋት ነው። የታችኞቹን በመጨረሻ ካልሆነ አይንኳቸው።

ማገዶው ከምድጃው ባላነሰ ይወስናል። እናንተ ዘንድ ባሕር ዛፍ ሞልቷል፤ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያሞቅ የኖረው ይኸው ዛፍ ነው። ጭራሮውን ከአውራ ጣት ያልወፈረውን መርጠው ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር እያደረጉ ይቁረጡት። የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የተቆራረጠ ቀርከሃና የደረቀ የጫት ገራባም ያገለግላሉ። ሰጋቱራና የጤፍ ገለባ አየር ስለማያሳልፉ ያፍናሉ። ቅጠልም ብቻውን ከሆነ እንደዚያው ነው። ቀለም የተቀባ ሳንቃና የቺፑድ ስብርባሪ በጭራሽ አይግቡበት፤ በተለይ ከሰሉን ለአትክልት ወይም ለውሃ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ። ዋናው ነገር ድርቀት ነው። ጭራሮውን ሲሰብሩት ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና ከጎበጠ ገና ነው። እርጥብ ማገዶ በዚህ ምድጃ ከጉልቻ ይልቅ ይከፋል፤ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን ስለሚያልቅ ጋዙ ይደክማል፤ ይጤሳልም። ለክረምቱ የሚሆነውን በግንቦት ቆራርጣችሁ በማዳበሪያ ከረጢት ጣሪያ ሥር ብታስቀምጡ ሐምሌ ላይ አትቸገሩም።

ጣሳውን ከላይኞቹ ቀዳዳዎች ሦስት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ሞልተው ማገዶውን ጠቅጠቅ ሳያደርጉ ያስተካክሉት። ስድስት መቶ ግራም ያህል ይይዛል። በላዩ ደቃቅ ጭራሮና የተፈረፈረ ደረቅ ኩበት በትነው መላውን ገጽ ያቀጣጥሉት፤ አንድ ጥግ ብቻ ከያዘ ግንባሩ ተጣምሞ ይወርዳል። ቤንዚን አያፍስሱበት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ላዩ በሙሉ ሲይዝ ክዳኑንና አንገቱን ያስቀምጡ፤ በዚህ ጊዜ ነበልባሉ ከቀዳዳዎቹ እንደ ጣት እየሆነ ወደ መካከል ሲዘረጋ ያዩታል። ይህን ካዩ ምድጃው ልክ ነው ማለት ነው። ነጭ ጢስ ካወጣ ጋዙ ሳይነድ እያመለጠ ነውና በአንገቱ በኩል የሚነድ ስንጥር አስገብተው መልሰው ያቀጣጥሉት። ድስቱ ወፍራም ጥላሸት ከያዘ ደግሞ ወደ ነበልባሉ በጣም ቀርቧል፤ ከፍ ያድርጉት።

አንድ ሙሌት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይነድዳል። በመካከል ማገዶ አይጨመርበትም፤ ከተጨመረ ሥርዓቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ከመለኮስዎ በፊት የሚጣዱትን ዕቃዎች ሁሉ ተራ አስይዘው ያዘጋጁ፤ ለምሳሌ ሽሮው በሃያ ደቂቃ ከወረደ ወዲያው የውሃው ድስት ይተካ።

ማብቂያው ላይ በጣም ይጠንቀቁ። ነበልባሉ እያጠረና ወደ ሰማያዊ እየሄደ ሲመጣ ግንባሩ ሥር ደርሷል፤ እንጨቱ ጋዙን ጨርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚነደው ከሰሉ ራሱ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። በአገራችን በብርድ ሌሊት ከሰል ቤት አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ስንት ጊዜ ሳይነቁ እንደቀሩ ያውቃሉ፤ ይኸው ጋዝ ነው። ምድጃው ጢስ የለውም ማለት ቤት ውስጥ ተዘግቶ ይነድዳል ማለት አይደለምና ሁልጊዜ ደጅ ወይም ሁለት በኩል ክፍት በሆነ ማዕድ ቤት ይለኩሱት። ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን ጣሳውን በረዥም መቆንጠጫ አንሥተው ከሰሉን ክዳኑ ጥብቅ ወዳለ የብረት ዕቃ ይገልብጡና አየር ይንፈጉት፤ ወይም ውሃ አርከፍክፈው ያጥፉት። ውሃ ሲያርከፈክፉ ፊትዎን ያርቁ፤ እንፋሎቱ ያቃጥላል። የከሰመ የመሰለ ከሰል ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ስለሚችል ሌሊቱን በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በእንጨት ግድግዳ አጠገብ አይደር።

አሁን ወደ ውሃው። ሱሉልታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። «እንግዲያው አይገድልም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ስጋታቸው አግባብ ቢሆንም መልሱ ያጽናናል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ከ70 ዲግሪ በላይ በአጭር ጊዜ ይሞታሉና 91 ይበቃል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ከ2000 ሜትር ገደማ በላይ ለሚኖሩ ሰዎች ውሃው ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲቆይ ይመክራል። ይህንኑ ይያዙ፤ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። መንተክተክ ማለት አረፋው ከመላው ድስት እየተገለባበጠ ሲወጣ እንጂ በዳር በዳሩ ጥቃቅን አረፋ ሲታይ አይደለም።

ማገዶው ይበቃል ወይ ቢሉ እናስላው። አንድ ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 91 ዲግሪ ለማድረስ 306 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። አየር ያደረቀው እንጨት በኪሎ 16 ሜጋ ጁል (አንዱ ሜጋ ጁል 1000 ኪሎ ጁል ነው) ያህል አለው፤ ከዚህ ውስጥ ከሲሶ የሚበልጠው በሚተርፈው ከሰል ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ስድስት መቶ ግራም ማገዶ በነበልባል የሚለቀው ስድስት ሜጋ ጁል ገደማ ነው፤ ከዚህም ወደ ድስቱ የሚገባው ሲሶው እንኳ አይሞላም። በስሌት ስድስት ሊትር ይወጣል፤ ድስቱን ለማሞቅና በእንፋሎት የሚሄደውን ስንቀንስ አራት ወይም አምስት ሊትር እንበል። ለአምስት ሰው በቀን አሥር ሊትር የመጠጥ ውሃ ከያዝን ሁለት ሙሌት፣ ማለትም አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ጭራሮ ይፈልጋል። ድስቱን መክደን ብቻ ከዚህ ላይ ብዙ ይቆጥብልዎታል። ለመታጠቢያና ለልብስ የሚሆነውን ማፍላት አያስፈልግም።

የፈላው ውሃ በፈላበት ድስት እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። የአብዛኛው ቤት ጥፋት ከዚህ በኋላ ነው፤ በደንብ የፈላ ውሃ ባልታጠበ ጀሪካን ይገለበጣል፤ ወይም እጅ የነካው ጣሳ እየተነከረ ይቀዳል። ማፍላት የነበረውን ጀርም ይገድላል እንጂ በኋላ ለሚገባው መከላከያ አያስቀርም። ስለዚህ አፉ ጠባብ ወይም ቧንቧ ያለው ዕቃ ይጠቀሙ፤ ዕቃውንም በሳሙና አጥበው በመጨረሻ በፈላ ውሃ ያለቅልቁት። እናቶቻችን እንስራውን በወይራ ያጥኑ ነበር፤ ለውሃው የሚሰጠው ሽታ ደስ ይላል፤ እኔም እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ በማፍላት ፋንታ ልንተማመንበት አንችልም።

ከሰሉን ለማጣሪያ ማዋል ከፈለጉ አልከለክልዎትም፤ ቦታውን ግን አያዛውሩት። ክረምት ላይ ሲደፈርስ ውሃው ሌሊቱን ይጥለል፤ የሽፈራው ፍሬ ከተገኘ ተፈጭቶ ቢጨመርበት ዝቃጩን ቶሎ ይሰበስበዋል። ቀጥሎ በታጠበ አሸዋ፣ ከዚያ በከሰሉ ይለፍ። ከሰሉ በምስር ክክ መጠን ተፈጭቶ፣ አመዱ ለቅቆ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ተደጋግሞ ታጥቦ፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር ይሁን፤ ውሃውም ቀስ ብሎ ይውረድ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ፣ ይፍላ። ማፍላቱ ከማጣሪያው በፊት ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው፤ እርጥብ ከሰል ውስጥ ባክቴሪያ ተመችቶት ይራባልና ንጹሑን ውሃ መልሶ ይበክለዋል። ማገዶ ባጠረ ቀን «ውሃ አጋር» የምንለውን ክሎሪን የሚጠቀሙ ከሆነም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ከሰል ክሎሪንን ስለሚያጠፋ ክሎሪኑ ከማጣሪያው በኋላ ይጨመር፤ መጠኑም በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ይሁን።

ከሰሉም ነበልባሉም የማይችሏቸው ነገሮች አሉ፤ ናይትሬትና ፍሎራይድ ዋነኞቹ ናቸው። ውሃው ሲፈላ ከፊሉ ስለሚተን የእነዚህ መጠን በሊትር ሲሰላ እንዲያውም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን ለፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ የሚያሳስበው በስምጥ ሸለቆ ነው፤ በእናንተ አካባቢ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ናይትሬት ነው፤ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ አጠገብ መጸዳጃ ቤት ወይም የከብት በረት ካለ ወደ ውሃው ይሰርጋል። ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ከላይ ይሁን። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቤት ካለ በጡት ወተት ፋንታ በዚህ ውሃ የተበጠበጠ ዱቄት ወተት ከመስጠትዎ በፊት ውሃው ይመርመር፤ ናይትሬት በዚህ ዕድሜ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናሙናው የት እንደሚመረመር ወደ ወረዳችሁ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄደው ይጠይቁ።

እንጀራን በተመለከተ አላሳስትዎትም። ይህ ምድጃ ነበልባሉን ወደ መካከል ስለሚሰበስብ ትልቁን ምጣድ እኩል አያግለውም፤ መካከሉ ሲያር ዳሩ ጥሬ ይሆናል። ለእንጀራ ምርጥ ምድጃ ይሻላል፤ ማገዶ ቆጣቢነቱ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። የጣሳው ምድጃ ለወጥ፣ ለሽሮ፣ ለሻይና ለውሃ ነው።

ከእያንዳንዱ ሙሌት 120 ግራም ያህል ከሰል ይተርፍዎታል። ባዮቻር የሚባለው ወደ አፈር ሲገባ ነው፤ ነገር ግን ከሰል እየገዙ ለሚኖሩ ቤተሰብ «ሁሉንም ቅበሩት» ማለት አልፈልግም። የሁለት ሙሌት ከሰል ላቀች ምድጃ ላይ ለአንድ ጊዜ ቡና ይበቃል፤ በር ከፍተው ያፍሉት። የተረፈውን ደቃቅ ለጎመኑ መደብ ያውሉት። እንደ ወጣ አፈር ውስጥ ከተጨመረ ግን ናይትሮጅኑን ወደ ራሱ ስቦ ተክሉን ለጊዜው ያስርባል፤ አስቀድመው ከብስባሽ ጋር ቀላቅለው ወይም በእበት ውሃ ነክረው ሁለት ሳምንት ያክርሙት። ከዚያ በካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል በላይኛው አፈር ያዋሕዱት። የሱሉልታ ጥቁር መረሬ ክረምት ውሃ ይዞ በጋ ይሰነጠቃልና መጀመሪያ በአንድ መደብ ላይ ብቻ ሞክረው ከጎኑ ካልተጨመረበት መደብ ጋር ያስተያዩት።

የጉድጓዱ ውሃ ምርመራ ሲደርስልዎት የናይትሬቱንና የፍሎራይዱን ቁጥር፣ ጉድጓዱ ከመጸዳጃ ቤቱ ያለውን ርቀትና ጥልቀቱን ጨምረው ይጻፉልኝ። ናይትሬቱ ከወሰኑ በላይ ከሆነ ስለ ማጣሪያው ማሰብ ትተን ሌላ የውሃ ምንጭ ስለመፈለግ እንነጋገራለን።